ፊት የሌላት እናት

ጋሼ ጉግሳ ጥቁሩን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው ገፈፉና «እነሆ እናቲቱ!» አሉ።

ማንም አልተነፈሰም።

ሽማግሌው ፈገግ እንዳሉ ጠበቁ። ዐይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሐውልቷን የሚያዩዋት በሰው ድምፅ ነበር። ጨርቁ ሲነሣ ከተሰብሳቢው መካከል «ወይ ጉድ!» የሚል ማጉረምረም ይነሣል፤ እሳቸውም በዚያ ማጉረምረም እናቲቱ በቦታዋ መሆኗን ያውቃሉ። ዛሬ ግን ወንበር እንኳ ሲጢጥ አላለም።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

«ጋሼ» አለች ባንቺአየሁ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች። «የለችም።»

ይህ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከጋሼ ጉግሳ የመጻሕፍት መደብር ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ጋሼ ጉግሳ በኮሌጅ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመጣ ሰው ሁሉ የጥንቷን ግብፅ ነገር ይተርኩ ነበር። በትረካው መጨረሻ ደግሞ የመስታወቱን ሣጥን ይገልጣሉ።

ከክንድ ያነሰች፣ ከጥቁር አረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸች፣ ልጇን በጭኗ ይዛ የምታጠባ ሴት ናት። ኢሲስ ትባላለች። በዚያ ዓመት ግን ስሙ በዜና ላይ የነፍሰ ገዳዮች ስም ሆኖ ስለ ሰነበተ፣ የጋሼ ጉግሳ ልጅ ሮሐ የመስኮቱን ማስታወቂያ ቀድዳ «የእናቲቱ ሐውልት» የሚል ለጠፈች። ስሙም በዚያው ጸደቀ። እናቲቱ ፊት የላትም። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው በመሮ ነቅሎታል። የልጁን ፊት ግን አልነካውም።

አሁን ሣጥኑ ባዶ ነው። መስታወቱ አልተሰበረም። ቁልፉ አልተፈለቀቀም። ሐውልቷ በቆመችበት ቦታ፣ በአራት የታጠፈ ነጭ መሐረብ ተቀምጧል። በመሐረቡ ላይ አንድ የወርቅ ቀለበት።

ሮሐ ጎንበስ ብላ መስታወቱን በጣቷ ነካች። ጣቷ ወዛ።

«ይሄ ዘይት ነው» አለች። ቀና ብላም ባንቺአየሁን አየቻት።

ሰው ሁሉ ባንቺአየሁን አያት።

* * *

«ወንዴ፣ ሌባ አሉኝ» ነበር ያለችው ባንቺአየሁ፣ ወንድሟን በስልክ ስትጠራው። 

ወንዳፍራሽ እሑድ ጠዋት፣ የሆቴሉን የጥበቃ ኮት ሳያወልቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰፈር፣ ከዌስትቼስተር፣ በቀጥታ መጣ። አዲስ አበባ ሳለ የወንጀል መርማሪ ነበር። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ወዲህ፣ የአውሮፕላን መንገደኞች ሻንጣ እንዳይጠፋ መጠበቅ ሥራው ሆኗል። የፌርፋክስ ሰዎች «ኢንስፔክተር» ይሉታል፤ ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለሹፈት። እሱም ሁለቱንም ለምዶታል።

ሮሐ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ቀለበቱ በእጇ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ።

«ጋሽ ወንዴ፣ እህትህ መሆኗን አውቃለሁ፣ ኦኬ? ግን ሰኞ ጠዋት የሙዚየሙ ሰዎች ይመጣሉ። አባዬ ለሙዚየም ሊሰጣት ቃል ገብቷል። ሶ፣ ነገ እስኪመጡ ካልተገኘች ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ። ማን ነው ካሉኝ ደግሞ ያየሁትን እናገራለሁ።»

«ምን አየሽ?»

«ዘይት። ቸርቻቸው የሚቀቡትን ዘይት። ባንቺ ከመጣች ጀምሮ ‹ይሄ ጣዖት ከቤት ይውጣ› ስትል ነበር። ጨርቁን ያለበሰቻት እሷ ናት፤ ማየት አልችልም ብላ።»

«ቀለበቱስ?»

«ስትቸኩል ከጣቷ ወልቆ ነዋ!»

«ወልቆ ሲወድቅ፣ መሐረብ አጣጥፎ ራሱን ያስቀምጣል?»

 ጣሪያው ላይ ስለ ተሰቀለው ካሜራ ሲጠይቃት ሮሐ አፈረች። ካሜራው ቅርፊት ብቻ ነው፤ ሌባ ለማስፈራራት የተሰቀለ።

ወንዳፍራሽ ከረጢቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።  ባንቺአየሁ ጋሼ ጉግሳን የምትንከባከበው ፈቃድ አውጥታ ነው፤ የዜግነት ቃለ መጠይቋም ቀርቧል። ስሟ «የአዛውንት ንብረት ሰረቀች» ተብሎ አንድ ጊዜ ፖሊስ ዘንድ ከተጻፈ፣ የተሻገረችው ባሕር ሁሉ ከንቱ ነው።

እህቱን ኩሽና ውስጥ አገኛት። የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች።

«ባንቺ፣ ዘይቱን አንቺ ነሽ የቀባሽው?»

እጇ ቆመ።

«እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት። ቀብቼ ጸለይሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? ‹መስታወቱን ቀባሁ እንጂ እሷን አልሰረቅኋትም› ልበል? ማን ያምነኛል?» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ደግሞ ታውቃለህ... ሳልፈራት አልቀረሁም፣ ወንዴ። ፊት የላትም፤ ግን ታይሃለች።»

ወንዳፍራሽ አልሳቀም።

«ትናንት ማን ማን ነበር?»

«የዘወትሮቹ ናቸው። ጎረቤታችን ዘለቀም ነበር። ጋሼ ሥዕል ሊያሳዩ መብራቱ እንደ ጠፋ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ አየሁት።»

ዘለቀ እናቲቱን እንዲሸጡለት ጋሼ ጉግሳን ሲወተውት የኖረ ሰው ነው። ወንዳፍራሽ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ።

* * *

ዘለቀ ከመጻሕፍት መደብሩ አጠገብ የስጦታ ዕቃ ይሸጣል። ወንዳፍራሽን ሲያይ እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«አትተኩስ፣ ኢንስፔክተር! ሻንጣ አልነካሁም!»

«ትናንት በጋዜጣ ጠቅልለህ ያስገባኸው ምንድን ነው?»

የዘለቀ ሳቅ ጠፋ። በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ።

«ለጋሼ እንዳትነግርብኝ።»

ካርቶኑ ውስጥ በመደዳ የተጋደሙ የጄሶ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ልጅ ያጠባሉ። ሁሉም ፊት አላቸው፤ ትልልቅ ዐይን፣ ቀይ ከንፈር፣ የተኳለ ቅንድብ።

«ፊት ሠራሁላት!» አለ ዘለቀ፣ ኩራቱ ፍርሃቱን አሸንፎት። «ደንበኛ ፊት የሌላት ሴት አይገዛም። ትናንት ናሙናው ሲደርሰኝ፣ ከዋናዋ አጠገብ ላስተያየው ብዬ ነበር።»

«ማንን አስመስለህ ነው የሣልከው?»

«ባለቤቴን። ሌላ ሴት ብሥል የት አድራለሁ?»

ወንዳፍራሽ አንዷን አነሣት። አንድም ነገር አልተሰማውም። ፊት ሲኖራት ገበያ የምትወጣ ሴት ሆነች። እንግዲያስ ያ ፍርሃት የሚመጣው ከጎደለው ነገር ነው? ወደ ካርቶኑ መለሳት።

«ስትወጣ ወይ ስትገባ ያየኸው ሰው የለም?»

«ከአንዲት እናት ጋር በር ላይ ተገጣጠምን እንጂ። በሩን ከፈትሁላቸው። የተኛ ሕፃን አቅፈው ወጡ።»

«ሕፃን?»

«በነጠላቸው ጠቅልለው። ከብዷቸው ነበር፤ ‹ልያዝልዎት› ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።»

ወንዳፍራሽ ወደ ኩሽናው ተመለሰ።

«ባንቺ፣ ትናንት ሕፃን የያዘ ሰው መጥቶ ነበር?»

«ኧረ የለም። ሕፃን ቢኖር ጋሼን ያስቆማቸው ነበር።»

«ነጠላ የለበሱ እናትስ?»

ባንቺአየሁ አሰበች። «አንዲት ነበሩ፣ ከኋላ ወንበር። ከዚህ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ሻይ ባቀርብላቸው እንቢ አሉ። ውሃ ብላቸው እንቢ። ‹ልጄ፣ አትቀየሚኝ፣ በዚህ ቤት ውሃ አልቀምስም› አሉኝ። እንደ እኔ ጣዖቷን ፈርተው ነው ብዬ፣ ወደድኋቸው እንዲያውም።»

«ጋሼን ሰላም አሏቸው?»

«ጋሼ አጠገባቸው ሲደርሱ ‹እንዴት ዋላችሁ› ብለው ነበር። እሳቸው ዝም። ብድግ ብለው እጅ ነሡ እንጂ ቃል አልወጣቸውም።»

ወንዳፍራሽ ከመደርደሪያው ተደግፎ ቆመ። በሥራው ዘመን ብዙ ሌባ ተመልክቷል። ሌባ ሻይ ይጠጣል። ሌባ ከማንም አብልጦ ሰላምታ ይሰጣል። ውሃ እንቢ የሚልና ቃል የማይተነፍስ፣ ግን ተነሥቶ እጅ የሚነሣ፣ እሱ ሌባ ሳይሆን ቂም ያለበት ነው። ወይም የሌላ ሰው ቂም የታሰረበት።

* * *

ጋሼ ጉግሳ በባዶው ሣጥን ፊት ተቀምጠው ነበር። ጨርቁ ጭናቸው ላይ ነው።

«ያዝሃት?» አሉ፣ የእግሩን ድምፅ ሰምተው።

«ገና ነኝ፣ ጋሼ። ትናንት መብራት ጠፍቶ ሳለ ያስተማሩትን ይንገሩኝ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ያን ሲሰማ ነው አንድ ሰው እጁን የዘረጋው።»

 የሽማግሌው ድምፅ ተለወጠ። የቅዳሜ ድምፅ ሆነ።

«ሦስት ሺህ ዓመት፣ ኢንስፔክተር። እስቲ አስበው። ሦስት ሺህ ዓመት፣ በየቀኑ፣ ጎህ ሲቀድ አንድ ካህን ታጥቦ፣ ጠጉሩን ተላጭቶ ወደ መቅደሱ ይገባል። የበሩን ማኅተም ይሰብራል። አምላኩን ይቀሰቅሳል። ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል። ከዚያ ወደ ኋላው እየሄደ፣ የገዛ እግሩን ዱካ በመጥረጊያ እየጠረገ ይወጣል። ይህ ካልተደረገ ዓለም ትፈርሳለች ብለው ነበር የሚያምኑት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ቀን ካህኑ አልመጣም።» ሽማግሌው ጨርቁን ዳበሱት። «ፀሐይም ወጣች።»

ወንዳፍራሽ ቀና ብሎ አየ። መስኮቱ ላይ የፌርፋክስ የጠዋት ፀሐይ ነበረች። ያቺው ፀሐይ። ያን ዕለት ያ ካህን የት ነበር? ቤቱ ተቀምጦ በመስኮት ያያት ይሆን?

«ማን ገደላቸው?» አለ። የፖሊስ ጥያቄ ነው፤ ከአፉ አመለጠው።

ጋሼ ጉግሳ ፈገግ አሉ። «አንድ ገዳይ ባገኝልህ ደስ ባለኝ። ነገሥታቱ ደከሙ። ፋርስ ገዛቸው፣ ግሪክ ገዛቸው፣ ሮም ገዛቸው። ሮም የመቅደሱን መሬት ስትወስድ ካህኑ የሚበላው አነሰ። የሚበላው ያነሰ ካህን ልጁን ጽሕፈት አያስተምርም። ክርስትና ሲመጣ ደግሞ ሕዝቡ ፊቱን አዞረ። በመጨረሻ አንዲት ደሴት ቀረች፣ ፊላይ የምትባል፣ በዓባይ መካከል። በዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ካህን በጥንቱ የሥዕል ፊደል ጥቂት መስመር ቀረጸና ‹ለዘላለም› ብሎ ዘጋው። ከእሱ ወዲህ በዚያ ፊደል የተጻፈ እስካሁን አልተገኘም።»

«ደሴቲቱን ያቆያት ምንድን ነው?»

«የደቡብ ሰዎች! ብለሚዎችና ኖባዎች። የገዛ አገሯ ስትረሳት እነሱ አልረሷትም። ከሮም ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። ሲታረቁ ግን አንድ ነገር ለመኑ፤ በየዓመቱ መጥተን፣ የእናቲቱን ሐውልት ተውሰን፣ ወደ አገራችን እንውሰዳት፤ ለምነናት እንመልሳታለን። ሮምም ፈቀደች። እነሱም ለዕርቁ የአለቆቻቸውን ልጆች መያዣ አድርገው ሰጡ። የተሸነፈ ሕዝብ፣ ልጁን መያዣ ሰጥቶ፣ አምላክ ሲዋስ! እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፄ ይቆረጣል። ትናንትም ተቆረጠ።»

«ያን ጊዜ ክፍሉ ጨለማ ነበር።»

«የፊላይን ሥዕል እያሳየሁ ነበር።»

ወንዳፍራሽ ኪሱ ውስጥ ያለውን ከረጢት ጨበጠ። እናቱ ከእድሩ ዕቃ ቤት ትልቁን ድስት ስትዋስ፣ የጆሮ ጉትቻዋን ፈትታ ጠረጴዛ ላይ ታኖር ነበር። ማንም ጠይቋት አይደለም። የሰው ንብረት በባዶ እጅ አይነሣም ብላ ነው። እዚህ ከተማ የትኛውም ፖሊስ ቀለበቱን ቢያይ «ሌባው ጣለው» ይላል። ሮሐም ያለችው ይህንኑ ነው። ግን ወድቆ አይደለም። ተቀምጦ ነው።

«የሣጥኑ ቁልፍ ስንት ነው፣ ጋሼ?»

«አንድ። አንገቴ ላይ።»

«መጀመሪያ ላይስ?»

ጋሼ ጉግሳ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡ።

ወንዳፍራሽ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከሣጥኑ በላይ አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ወጣቱ ጉግሳ፣ ከአንድ ሸበቶ ፈረንጅ መምህር ጎን። በመምህሩ ሌላኛው ትከሻ ላይ እጅ አለ። የማንም ያልሆነ እጅ። ወንዳፍራሽ ፍሬሙን አውርዶ ጀርባውን ከፈተ። የፎቶው ግማሽ ወደ ኋላ ታጥፏል። ሲዘረጋው አንድ ረጅም፣ ሣቂ ወጣት ወጣ።

«ጋሼ፣ ይህን ሰው ማን አጠፈው?»

ሽማግሌው ወረቀቱ ሲዘረጋ ድምፁን ሰምተዋል። 

«ስሙን አታንሣብኝ።»

«አላውቀውም እኮ። ይልቅ ይህን ይያዙልኝ።» ቀለበቱን ከከረጢቱ አውጥቶ በመዳፋቸው አኖረ።

ሮሐ ቀለበቱን እንደ ማስረጃ አሽጋ ስለ ያዘች፣ እስካሁን አልነኩትም ነበር። በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት። አንድ ጊዜ። ሁለተኛ ዳበሱና ቆሙ።

«ሦስት ገመድ የተገመደ» አሉ በሹክሹክታ። «አንዱ ገመድ የተበላ። ይህን ቀለበት ኪሴ ይዤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁት እኔ ነኝ፤ ሚዜያቸው ነበርሁ። የሣህሊቱ ነው። የመንግሥቱ ሚስት።»

ከዚያ ሁሉም ነገር ወጣ። በፎቶው የታጠፈው መንግሥቱና ጉግሳ የአንድ መምህር ደቀ መዛሙርት ነበሩ። መምህሩ ሲሞት ሚስቱ እናቲቱን አምጥታ «ለሁለታችሁ» አለች። ሣጥኑን አብረው አሠሩ፤ ሁለት ቁልፍ። የቅዳሜውን ትረካ አብረው ጀመሩ። ኋላ ጉግሳ «ሙዚየም ትግባ» ሲል፣ መንግሥቱ «ወደ ዓባይ ትመለስ» አለ። ተጨቃጨቁ። ጉግሳ ደግሞ በሰው ፊት «የእኔ ናት» አለ።

«አንድ ቃል ነው፣ ኢንስፔክተር። አንድ ቃል። እሱም ደጄን ላይረግጥ ማለ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ጋርዴና፣ ከከተማው በስተ ደቡብ፣ የድሮው ቤቱ። ታሟል ሲሉ ሰምቻለሁ።» ቀለበቱን ጨበጡ። «ውሰደኝ።»

* * *

ባንቺአየሁ ከመኪናው የኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ጋሼን ለብቻቸው አትተዋቸውም። ወንዳፍራሽ ዝም ብሎ ነዳ። አንዲት ትንሽ ቤት ደጃፍ ፓርክ አደረገና፣ ሁለቱን መኪናው ውስጥ ትቶ አንኳኳ።

የከፈቱለት ሴት ነጠላቸውን እንደ መቀነት ታጥቀዋል። ጣታቸው ላይ የቀለበት ሰንበር አለ። የሆቴሉን የጥበቃ ኮት አይተው ፖሊስ መሰላቸው።

«ቶሎ መጣህ፣ ልጄ» አሉ። «መንግሥቱ እስኪያርፍ ድረስ ብቻ ነበር።»

«እትዬ ሣህሊቱ፣ ለምን አልጠየቁም?»

«አጥንቴ ይውጋሽ ብሎኛል። ከጉግሳ ጋር ቃል ብትለዋወጪ፣ ከቤቱ ውሃ ብትቀምሺ አጥንቴ ይውጋሽ። ያን ጊዜ አንደበት ነበረው። አሁን ወድቋል፣ ምላሱ ታስሯል። ግዝቱን ላንሣልሽ ቢል እንኳ በምን አፉ?»

«በሰው አይልኩም ነበር?»

«በሰው መላክስ ቃል አይደለም?»

«ስለዚህ ሰረቁ።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። ዐይናቸው እሳት ሆነ። «አልሰረቅሁም! የትኛው ሌባ ነው የጋብቻ ቀለበቱን ትቶ የሚሄድ?»

ወንዳፍራሽ አንገቱን ደፋ።

«ከወደቀ ጀምሮ ቀኝ እጁ እንዲህ ክብ ይሠራል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ እጃቸውን አሳዩት። «ጽዋ ብሰጠው ይጥላል። ዳቦ ብሰጠው ይጥላል። አንድ ቀን ገባኝ። ድሮ ማታ ማታ እሷን በዚያ እጁ ይዞ፣ ፊቷ የነበረበትን በአውራ ጣቱ ይዳብስ ነበር። ‹እኔ የማያት በዚህ ነው› ይል ነበር። እኔ ቅዳሜ የሄድሁት ልወስዳት አልነበረም። ጉግሳ ፊቴን ያያል፣ አይቶ ይገባዋል ብዬ ነው። ዐይኑ መጥፋቱን ማን ነገረኝ? አጠገቤ ቆሞ፣ እንደ ግድግዳ አልፎኝ ሄደ።»

«ከዚያ የደቡብ ሰዎችን ታሪክ ሰሙ።»

«ለእኔ የተነገረ መሰለኝ። መያዣ ሰጥተው ተዋሱ አለ። የመንግሥቱ ቁልፍ ከቤቴ ቁልፍ ጋር ነው፤ አውጥቼ አላውቅም። በጨለማው ከፈትሁ። ጨርቁን መለስሁ። እንደ ልጅ አቀፍኋት።»

«በዚህ ምክንያት ሌላ ሰው ሌባ ተብሏል፣ እትዬ። ሻይ ያቀረበችልዎት ልጅ፤ እህቴ ናት። ነገ ለፖሊስ ሊሰጧት ነው።»

እትዬ ሣህሊቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። 

«ይህንስ አላሰብሁም» አሉ። «በል ፖሊሶቹን ጥራቸው። ሣህሊቱ ናት በል። እጄን ይሰሩት።»

የመኪና በር ተከፈተ። ጋሼ ጉግሳ አጥሩን እየዳበሱ፣ ባንቺአየሁ ክንዳቸውን ይዛ፣ መጡ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ቃል አልወጣቸውም። መንገዱን ለቀቁላቸው።

መንግሥቱ በመስኮቱ አጠገብ ተጋድመዋል። ያ ረጅም ሣቂ ወጣት አጥንት ብቻ ሆኗል። እናቲቱ ደረታቸው ላይ ናት። ቀኝ እጃቸው ከብቧታል፤ አውራ ጣታቸው ፊት በሌለበት ቦታ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወንዳፍራሽ ደፉ ላይ ቆመ።  አንዱ በመሮ የነቀለው ቦታ፣ በሌላው አውራ ጣት ተልጎ መስታወት መስሏል። ከመንግሥቱ በፊትስ ስንት አውራ ጣት አልፎበት ይሆን? ካህናቱ አልቀዋል፣ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ሦስት ሺህ ዓመት የቆመው እምነት አፈር ሆኗል። እናቲቱ ግን ዛሬም ሰው እጅ ላይ ናት።

ጋሼ ጉግሳ አልጋውን በእጃቸው አገኙ። ከዚያ የሚያውቁትን እጅ።

«መንግሥቱ» አሉ።

የመንግሥቱ አውራ ጣት ቆመ።

«እኔ ነኝ። ለሁለታችሁ ነበር ያሉን። እኔ የእኔ አልኋት። በሰው ፊት።»

 ባንቺአየሁ ከአልጋው ራስጌ ውሃና ስፖንጅ አየች። ሥራዋ ነው፤ ማንንም አልጠየቀችም። ስፖንጁን ነክራ በጋሼ እጅ አስያዘች፣ እጃቸውን ወደ በሽተኛው ከንፈር መራችው።

ከንፈሩ ግጥም ብሎ ነበር። ውሃው በአገጩ ላይ ወረደ። ጋሼ ጉግሳ ግን እጃቸውን አልመለሱም።

አፉ ተከፈተ። ጉሮሮው አንድ ጊዜ ወጣ፣ ወረደ።

«ቀመሰ! ግዝቱን ራሱ አነሣው!» አሉ እትዬ ሣህሊቱ። ከአልጋው እግር ሥር ተቀመጡ፣ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለዓመታት ያላናገሩትን ሰው አዩትና «ጉግሳ» አሉ፣ «ምነው እንዲህ ከሳህ?»

ጋሼ ጉግሳ ሳቁ። ሲስቁም ሲያለቅሱም አንድ ነበር። ቀለበቱን አወጡና ዘረጉላቸው።

«አይሆንም» አሉ ሴትዮዋ። «ገና አልመለስኋትም።»

በዚህ መካከል የወንዳፍራሽ ስልክ ጮኸ። ሮሐ ናት። እሱ የሆነውን ባጭሩ ነገራት።  «ባንቺን አገናኘኝ፣ ፕሊስ» አለች። ባንቺአየሁ ስልኩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ኦኬ... ኦኬ፣ ሮሐዬ... አታልቅሺ በቃ» ስትል ተሰማ። በነጻው እጇ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋ፣ ሐውልቷ እንዳትንሸራተት ጎንና ጎኗን ደገፈቻት። ከዚያ ስልኩን ለጋሼ አቀበለች።

«አባዬ፣ ነገ የሚመጡትን ሰዎች ምን ልበላቸው?»

ጋሼ ጉግሳ ቀለበቱን በመዳፋቸው ውስጥ ዘጉት።

«እናቲቱ ወደ ደቡብ ወርዳለች በያቸው» አሉ። «መያዣዋ በእጄ ነው።»